ግንባሬ ላይ የቀረው ዋግምት

የበደለችኝ ወይዘሮ አንጓች ናት። የበደለችኝም ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን፣ ጥቅምት ውስጥ፣ በገበያ ቀን ማለዳ ነው። የራሴን ስም አልናገርም፤ ስሜ ለማንም ምንም አይፈይድለትም። የእሷን ግን ሰው እንዳይሳሳት ብዬ ከነወይዘሮነቱ ጻፍኩት። ያን ጊዜ በዕድሜ ትበልጠኝ ስለነበር አንቱ እላት ነበር። አሁን እኔም አርጅቻለሁ፤ አንቺ ለማለት የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም።

ነገሩ የተነሣው በበቅሎ ነው። ዳማ የምትባል በቅሎ ነበረችኝ። ሌላዋ ሴት ባል ነበራት፣ እኔ ዳማ ነበረችኝ። ባልማ እኔም ነበረኝ። ትቶኝ ሲሄድ በቅሎዋንም ልውሰድ ብሎ ገመዷን ያዘ፤ ዳማ ጉልበቱ ላይ እርግጫ አቀመሰችው። ለማካፈል የተቀመጡት ሽማግሌዎች ጉልበቱን አይተው፣ ዳማን አይተው፣ እርስ በርስ ተያዩና "በቅሎዋ ለሴትዮዋ ትሁን" ብለው ፈረዱ። ከዚያ ወዲህ ቅቤና ማሬን ጭኜ ማንኩሳ ገበያ የምወርደው በእሷ፣ እህሌን ከአውድማ የማስገባው በእሷ፣ ሕመም ቢጠናብኝ ጠበል የምደርሰው በእሷ ነበር። ደጋ ላይ ብቻዋን የምትኖር ሴት በቅሎ ከሌላት ጨው እንኳ አትቀምስም። ይህን የምናገረው "ለአንዲት በቅሎ ይህን ያህል?" የሚል ሰው ካለ አፉን ከወዲሁ እንዲይዝ ነው።

ጣሊያኖች ለጭነት በቅሎ ሲሰበስቡ ዳማንም ወሰዷት። ሊወስዷት ከመጡት ባንዶች ሁለቱ እያነከሱ ነው የተመለሱ። ጥቂት ሰንብቶ ወሬ መጣ። ከብቱ ያላግባብ የተወሰደበት ሰው በመጪው የገበያ ቀን ቡሬ ምሽግ ቀርቦ ያስረዳ፤ ቀትር ካለፈ ግን በቅሎዎቹ ሁሉ ተጭነው ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳሉ ተባለ። ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ የጭነት በቅሎ ሲመለስ ያየ ሰው በአገራችን አልነበረም።

እኔም ተኝቼ ማደር ሲገባኝ ከጣሊያኑ ሹም ጋር ስከራከር አደርኩ። እሱን ሆኜ እጠይቃለሁ፣ እኔን ሆኜ እመልሳለሁ፣ እንደገና እሱን ሆኜ እቆጣለሁ። ሲነጋ ክርክሩን አሸንፌ ነበር፤ ግን ራሴ ለሁለት ሊፈለጥ ደረሰ። በዚህ ራስ ምን ልናገር ነው ብዬ ወደ አንጓች ቤት ሮጥኩ። ይኸው ነው ጥፋቱ፤ የእሷ ማለቴ ነው።

አንጓች የአገሩ ዋግምት አጋሚ ነበረች። ዋግምት ላላያችሁ ልጆች ላስረዳ። ጫፉ የተበሳ አጭር የበሬ ቀንድ ነው። አጋሚዋ ሰፊውን አፉን ሕመሙ ያለበት ቦታ ላይ ትደፋዋለች፤ በጫፉ ቀዳዳ በኩል በአፏ ውስጡን አየር ምጥጥ አድርጋ ትስበዋለች፤ ከዚያ ጉንጯ ውስጥ ያቆየችውን ሰም በምላሷ ቀዳዳው ላይ ትለጥፋለች። ያኔ ቀንዱ ገላን ነክሶ ይቆማል። ለማንሣት ሰሙን በወስፌ ነካ ታደርገዋለች፤ "ጢሽ" ይልና ይለቃል። ያበጠውን በምላጭ ጫር ጫር አድርጋ እንደገና ትስበዋለች፣ ክፉው ደም ይወጣል። ይህ ሁሉ ደግ ነው። ችግሩ አንጓች ከዚህ ላይ አንድ ሕግ ጨምራበት ነበር።

"ቀንዱን የሚያነሣው ያስቀመጠው እጅ ብቻ ነው" ትላለች ሁልጊዜ። "ሌላ እጅ ከነካው ደሙ ወደ ዓይን ይዞራል። ሰውዬው ይታወራል።"

ሁላችንም አምነን ነበር። እንዴት አናምን? የታወረ ሰው አይተን ሳይሆን፣ ነክቶ ለማየት የደፈረ ሰው ስላልነበረ ነው።

ደጇ ላይ ዱካ አውጥታ አስቀመጠችኝና ሁለት ቀንድ ትከሻዬ ላይ ተከለች።

"ኧረ እትዬ አንጓች፣ እኔን ያመመኝ ራሴ ነው" አልኳት።

"ራስ የቆመው በምን ላይ ሆነና?"

"እባክዎ ይፍጠኑልኝ፣ ቡሬ መድረስ አለብኝ። ዳማ ልትሄድብኝ ነው።"

"ዝም በይ። ስታወሪ ግንባርሽ ይላወሳል።" ብላ ሦስተኛውን፣ ትልቁን፣ መካከል ግንባሬ ላይ ደፋችው። ሳበችው። እንዲያ ያለ የአፍ ጉልበት በሌላ ሴት ላይ አላየሁም፤ ሐሜቷም ከዚያው ጉልበት የመጣ መሰለኝ። ሰሙን ለጠፈች። ቅንድቦቼ ወደ ላይ ተነሥተው ቀሩ።

ልክ በዚህ ጊዜ ከወዲያ ማዶ "መጡ! ዶሮ ሰብሳቢዎቹ መጡ!" የሚል ጩኸት ተሰማ። የምሽጉ ወታደሮች በየመንደሩ እየዞሩ ዶሮና እንቁላል ይሰበስቡ ነበርና ሰው ሁሉ ይፈራቸዋል። አንጓች ብድግ አለች። ቀይ ቄቧን ከብብቷ ሥር ወሸቀች፤ ወስፌዋን ጠጉሯ ውስጥ ሰካች፤ ወደ ወንዙ ቁልቁል ተፈተለከች። ቄቧን አስታወሰች፤ ሦስት ቀንድ ተክላብኝ ደጇ ላይ የተቀመጥኩትን እኔን አላስታወሰችም።

"እትዬ አንጓች! ቀንዱን! ቀንዱን ያንሡልኝ!"

"መጣሁ! እንዳትነኪው!" አለች ከወንዙ ማዶ።

መጣሁ ያለችው ያኔ ነው። የመጣችው ሰንበት ካለፈ በኋላ ነው። ዶሮ ሰብሳቢ የተባሉትም ወታደሮች አልነበሩም፤ ከደብር የሚመለሱ ጆንያ የተሸከሙ የሰፈራችን ሰዎች ነበሩ። አንዱን "ና፣ ይህን ቀንድ አንሣልኝ" ስለው "እኔ ዓይንሽን አጥፍቼ ዕድሜ ልክሽን ልመራሽ ነው?" ብሎኝ አለፈ። ጎረቤቴን ለመንኳት፤ እጇን ከኋላዋ ደበቀችና ከራስጌ እስከ ግርጌ አይታኝ "ደግሞ ያምርብሻል" አለችኝ። ራሴ ልሞክር ብዬ ጫፉን ይዤ ሳብኩ። ቀንዱ መጣ፤ ግን ግንባሬም አብሮ መጣ። ደግሞስ ዓይኔ ቢጠፋ ዳማን በምን ለይቼ አመጣታለሁ? ተውኩት።

እንግዲህ ሁለት ነገር ነበረኝ። ወይ አንጓችን ጠብቄ በቅሎዬን ማጣት፣ ወይ ከነቀንዴ ጣሊያን ፊት መቆም። ነጠላዬን ተከናንቤ መንገድ ጀመርኩ። ነጠላው ከፊት በቀንዱ ላይ ድንኳን ሠራ። ከኋላ ሲያዩኝ ክንፍ ሊያወጣ የጀመረ መልአክ እመስል ነበር፤ ከፊት ሲያዩኝ ግን መልአክ አልመስልም።

ወደ ማንኩሳ የሚወስደው ቁልቁለት ላይ ስደርስ ጉዱ ባሰ። በወረድኩ ቁጥር ቀንዶቹ ይበልጥ ይነክሱኝ ጀመር። ጆሮዬም ድፍን አለ። ጆሮ ሲደፈን አባቴ ትዝ ይሉኛል። አባቴ አንድ ጊዜ ከነጋዴዎች ጋር ወደ ዓባይ በረሃ ወርደው ነበር። ቁልቁለቱን ሲጨርሱ ጆሯቸው ተደፈነ። ጓደኞቻቸው አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ ያያሉ፣ ድምፅ ግን የለም። "በሹክሹክታ ያሙኛል" ብለው ተቀየሙ፤ በረሃውን ሁሉ ሳያነጋግሯቸው ከረሙ። ተመልሰው ዳገቱን ሲወጡ ጆሯቸው ብው ብሎ ተከፈተ፤ የመጀመሪያው የሰሙት ቃልም የራሳቸው ስም ነበር። እውነትም እያሟቸው ነበር። የሰው ጠባይ ማወቅ በዘር የመጣልኝ ነው።

ቁልቁለቱ መካከል አንድ የማንኩሳ ሽማግሌ ቄስ ዱላቸውን ይዘው ሲወጡ አገኘኋቸው። ዝቅ ብዬ "አባቴ ይፍቱኝ" አልኳቸው። መስቀላቸውን አውጥተው ወደ ግንባሬ ሲያቀርቡ ነጠላዬ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። መስቀሉ ከቀንዱ ጋር "ቋ" ብሎ ተጋጨ። ቄሱ ወደ ኋላ ሄዱ፤ ቁልቁለት ስለሆነ ባሰቡት ላይ አልቆሙም፣ ራቅ ብለው ቆሙ።

"በስመ ሥላሴ! አንቺ ማነሽ?"

"አባቴ፣ ዋግምት ነው፣ አይፍሩ።"

"ማን አገመሽ?"

"አንጓች።"

"እንዴ፣ ታዲያ ትታሽ የት ሄደች?"

"ዶሮዋን ይዛ ሸሸች። ይባርኩኝና እርስዎ ያንሡልኝ፤ የተቀደሰ እጅ አይደለም እንዴ?"

እጃቸውን ዘረጉ፣ አሰቡ፣ መለሱት። "ልጄ፣ ስለ ዓይኑ ነገር እኔም ሰምቻለሁ" አሉኝ። "እጄ ለመባረክ እንጂ ለዋግምት አልተቀባም።" ከሩቅ ባረኩኝና በረከቱ ሳይደርሰኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ማንኩሳን በጓሮ በጓሮ አለፍኩ። ልጆች ተከተሉኝ፤ ውሾችም ተከተሉኝ፤ አንድ በሬ ደግሞ ቀና ብሎ አየኝና እንደ ዘመድ ዝም ብሎ ወደ ሣሩ ተመለሰ። ያን ቀን ያላፌዘብኝ እሱ ብቻ ነው። ወደ ቡሬ የሚወስደውን መንገድ ሽቅብ ስጀምር ቀንዶቹ ትንሽ ላላ አሉልኝ። ምሥጢሩን አላወቅሁም። ፀሐይዋ ግን ወደ አናቴ እየተጠጋች ነበርና ሮጥኩ።

ምሽጉ በር ላይ አንድ አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ ጥቁር ወታደር፣ አስቆመኝ። ጀርባዬን ሲፈትሽ እጁ ሁለት ጠንካራ፣ ጫፋቸው ሹል ነገሮች ላይ አረፈ።

"ቦምብ!" ብሎ ጮኸ።

ዘበኞቹ ሁሉ ከአሸዋ ጆንያ ኋላ ተደፉ። በሩ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ቡሬን ብቻዬን የያዝኩባት ያቺ ቅጽበት ናት፤ አገር ነፃ ሲወጣ ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ሹመትም አልጠየቅሁም።

"እጅሽን ወደ ላይ!" አለ የምሽጉ አስተርጓሚ ከጆንያው ሥር። ይህ ሰው ራሱን የሚውጥ ባርኔጣና ከእግሩ የሚበልጥ ጫማ ያደረገ ነበር። እጄን ሳነሣ ነጠላዬ ወደቀ። ግንባሬ ታየ። አንዱ አማተበ፣ አንዱ ሳቀ፣ አንዱ ደግሞ ጠመንጃውን ወደ ቀንዱ አዞረ፤ ከእኔና ከቀንዱ የትኛው ይበልጥ ያስፈራል ብሎ እንደሆነ አላውቅም።

"በቅሎዬን ልወስድ ነው የመጣሁ!" አልኩ። ሌሊቱን የተለማመድኩት ረጅም ንግግር ከዚህች በቀር አልመጣልኝም።

አስተርጓሚው አደጋ እንደሌለ ሲያይ ከሁሉ ፊት ወጣ። ሰው በቀንድ ሲመጣ ወደ የትኛው ሹም እንደሚወሰድ የሚያውቅ ስላልነበረ ወደ ጣሊያኑ ሐኪም ወሰደኝ። "ጌታዬ፣ ቀትር ሊሆን ነው፣ በቅሎዬ!" እያልኩ እከተለዋለሁ፤ "ቅድሚያ ቀንዱ" ይለኛል።

ሐኪሙ ጠጉር የሌለው፣ ቦርጫም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ቀንዱን ሲያይ እጁን አጨበጨበና ብዙ ተናገረ።

"ምን ይላሉ?" አልኩ።

"አያታቸው በአገራቸው እንዲህ ታደርጋለች ይላሉ። በብርጭቆ ነው እንጂ፤ በእሳት አሙቃ ጀርባቸው ላይ ትለጥፍባቸው ነበር።"

አያቱ ዋግምት የምታግም ሰው ሊያሠለጥነን ባሕር ተሻግሮ መጣ! ይህን በሆዴ አልኩት። በአፌ "ይንገሯቸው፣ እንዳይነኩት። ያስቀመጠችው ሴትዮ ካላነሣችው ዓይኔ ይጠፋል" አልኩ።

ሐኪሙ ይህ ሲተረጎምለት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ማስረዳት የሚወድ ሰው ኖሯል፤ ማስረዳት የሚወድ ሰው ደግሞ የሌላውን በቅሎ አያስብም።

"ቀንዱ አይስብሽም ይላሉ" አለ አስተርጓሚው። "አየሩ ነው የሚገፋሽ።"

"የቱ አየር?"

"ይህ አየር። ሁሉም። አየር ክብደት አለው ይላሉ። በያንዳንዱ ሰው ገላ ላይ ብዙ በቅሎ የማይሸከመው አየር ተጭኗል።"

"መቼ ጫናችሁብን?"

"እኛ አይደለንም አንቺ ሴትዮ! ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ነው።"

ጠረጠርኩት። እነሱ ያልጫኑብን ነገር በዚያ ዘመን አልነበረም። "ታዲያ ይህን ያህል ከተጫነን እንዴት አልተጨፈለቅንም?"

ሐኪሙ ጥያቄውን ወደደው። "ከውስጥም አየር አለ ይላሉ። የውስጡ ወደ ውጭ ይገፋል፣ የውጩ ወደ ውስጥ ይገፋል። እኩል ስለሆኑ አይሰማሽም። ቀንዱ ውስጥ ያለው ግን በአፍ ተስቦ ወጥቷል፤ እዚያ የሚመክት ስለሌለ የውጩ አየር ቀንዱን ግንባርሽ ላይ ተጭኖ ያዘው።"

ይህን አልክድም፣ ገባኝ። ከተማሩ ሰዎች ከሰማሁት ሁሉ ያኔም አሁንም የገባኝ እሱ ብቻ ነው። በውስጤ ምን ያህል የሚገፋ ነገር እንዳለ እኔ አውቀዋለሁ፤ ያ ባይኖር በዚያ ዘመን ተጨፍልቄ ነበር።

"ከደጋ ስትወርጂ ይበልጥ ነከሰሽ ወይ? ጆሮሽስ? ይላሉ" አለ አስተርጓሚው።

"ነከሰኝ። ተደፈነ።"

"ቆላ አየሩ ይከብዳል፣ ደጋ ይቀላል ይላሉ።" ይህን እየተረጎመ ሳለ ሐኪሙ ሊያሳየኝ ፈልጎ ጣቱን ዘረጋና በጥፍሩ ሰሙን ጫረው።

"ጢሽ!"

ቀንዱ መዳፉ ላይ ወደቀ። እኔም ጩኸቴን አቀለጥኩትና ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ግለጪ!" አለ አስተርጓሚው።

"አልገልጥም!"

"ለምን?"

"ከጠፋስ? ጨፍኜ ብጠብቀው እስከዚያው አለኝ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ በቅሎዎቹ እየወጡ ነው!"

ገለጥኩ። ዓይኔ ነበር፤ እንዲያውም ከበፊቱ የጠራ መሰለኝ። መጀመሪያ ያየሁት በበሩ በኩል ነው፤ የጭነት በቅሎዎች ተሰልፈው ሊወጡ፣ ከነሱ መካከል ዳማ፣ በሁለት ጎኗ ሣጥን ተጭኖባት። ከእኔ ቤት ከወጣች ወዲህ ወፍራለች። ይህም አስከፋኝ።

ሮጬ ከፊቷ ቆምኩ። የጭነቱ አዛዥ ቀጭን፣ ፂሙን በሰም ያሾለ ሰው ነው። ያ ሁሉ ሰም ከእኔ ግንባር የተረፈ ይመስል ነበር። አስተርጓሚው እያለከለከ ደረሰ።

"የአንቺ ለመሆኗ ማስረጃሽ ምንድን ነው ይላሉ?"

"እሷው ራሷ ናታ። ስጠራት ታያላችሁ። ዳማ! ዳማዬ!"

ዳማ ጆሮዋን አጠፈች። ቀስ ብላ ዞረችና ቂጧን ሰጠችኝ።

"አታውቅሽም ይላሉ።"

"ታውቀኛለች! ተቀይማ ነው። ሳትፈልጊኝ ቆየሽ ማለቷ ነው። ጠባይዋ እንዲህ ነው፣ እኔ ነኝ ያሳደግኋት።"

አዛዡ በእጁ ወደ በሩ አመለከተ፤ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ገመዷን ያዝኩ፣ ነጂው ቀማኝ፣ እንደገና ያዝኩ። በዚህ መካከል ሐኪሙ ፎቶ ማንሻ ሣጥኑን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ቀንዱን ይዞ መጣ። ከአዛዡ ጋር ተነጋገሩ፣ ተሳሳቁ።

"ሐኪሙ ቀንድ እንዳበቀልሽ ፎቶ ሊያነሡሽና ለአያታቸው ሊልኩ ይፈልጋሉ" አለ አስተርጓሚው። "ፎቶውን ከተነሣሽ አዛዡ የበቅሎዋን ነገር ያስቡበታል።"

"ቀንዱኮ ወልቋል!"

"መልሰሽ አድርጊያ።"

እንግዲህ ፍረዱኝ። ከማለዳ ጀምሮ "አንሡልኝ" እያልኩ ሰው ስማጸን የቆየሁት ሴት፣ አሁን ምሽጉ መካከል ቆሜ "ግጠሙልኝ! ፈጥናችሁ ግጠሙልኝ!" እል ጀመር። ማን ይሳበው? ሐኪሙ ሣጥኑን ይዟል። አዛዡ ፂሙን ይጠብቃል። ሁሉም አስተርጓሚውን አዩ።

"እኔ የመንግሥት ሰው ነኝ!" አለ።

አዛዡ አንድ ቃል ጮኸ። አስተርጓሚው ቃሏን አልተረጎማትም፤ ባርኔጣውን አውልቆ ቀንዱን ግንባሬ ላይ ደፋው፣ ጫፉንም ጎረሰ። መጀመሪያ ነፋው። አፈርና ትንባሆ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

"ሳብ እንጂ! ጥሩንባ አደረግኸው እንዴ?" አልኩት። አንተ ያልኩት በንዴት ነው።

ሳበ። ዓይኑ ፈጠጠ፣ አንገቱ ላይ ሥር ተጋደመ፣ እንደ ምንም ነከሰ። ሰሙ ግን አፈር ላይ ወድቆ ጠፍቷል። ስለዚህ ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ደፍኖ ከአጠገቤ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ጣትህን እንዳታነሣ" አልኩት። "አሁን ያስቀመጥከው አንተ ነህ፤ በወጉ ካላነሣኸው ዓይኔ ይጠፋና በደሜ ትጠየቃለህ።" እንደማይጠፋ ከጥቂት ጊዜ በፊት አይቻለሁ። ግን በቅሎዬን የወሰዱብኝ ሰዎች አስተርጓሚ ትንሽ ቢጨነቅ ምን አለበት?

"ዳማን አዙሩልኝ፣ አብራኝ ትነሣ" አልኩ። ነጂው አዞራት።

ዳማ በሕይወቷ ብዙ ነገር አይታለች። ባሌን አይታለች፣ ባንዳ አይታለች፣ አውሮፕላን አይታለች። ግንባሯ ላይ ቀንድ የበቀለ፣ ከቀንዱ ጫፍ ደግሞ ሰው የበቀለበት እመቤት ግን አላየችም። አንድ ጊዜ አየችኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ቡሬ የዋለ ሁሉ ያየው ነው። በኋላ እግሮቿ ሰማዩን ረገጠች፤ ሣጥኖቹ ተበትነው ለሹማምንት የሚወርደው የወይን ጠጅ በጠርሙስ በጠርሙስ ፈነዳ። የቀሩት በቅሎዎች እሷን አይተው ጭነታቸውን አራገፉ። ነጂዎቹ ወደ ግንቡ፣ ሐኪሙ ወደ አልጋው ሥር፣ የፎቶው ሣጥን ወደ ፍግ ክምሩ። አዛዡ ከአናቱ እስከ ጫማው ወይን ጠጅ ለብሶ፣ የሾለው ፂሙ ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ እየተንቀጠቀጠ ወደ እኛ መጣ። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ ጮኸ።

አስተርጓሚው አውራ ጣቱን ከቀንዱ ላይ ሳያነሣ ተረጎመልኝ። "ውሰጃት ይላሉ። አሁኑኑ። ሌላው የተናገሩት ለሴት የሚተረጎም አይደለም።"

"ጣትህን አንሣ" አልኩት።

"ትታወሪያለሽ አላልሽም?"

"ለአንተ ብዬ እታወራለሁ፣ አንሣ!"

ዓይኑን ጨፍኖ አነሣ። "ጢሽ" አለ። ቀንዱን ከእጁ ነጠቅሁት፤ ዳማ ያለ ቀንድ ስታየኝ ረጋ አለች፤ ወጣችባት ሳይሉ ወጣሁባትና ከምሽጉ ወጣን። የትከሻዬን ሁለቱን ማንም አላስታወሰልኝ። የደጋውን ዳገት ስንወጣ ግን፣ ያ ቦርጫም ሐኪም እንዳለው፣ አየሩ እየቀለለ ሲሄድ አንደኛው ብቻውን ላልቶ ወደቀ፤ ሁለተኛው ደጄ ስደርስ ተከተለው። ሰው ሁሉ የፈራውን አየሩ ራሱ አነሣልኝ። ራስ ምታቴም ለቆኝ ነበር፤ ይህን ለአንጓች አልነገርኳትም።

አንጓች ሰንበት ካለፈ በኋላ ቄቧን ታቅፋ መጣች። ይቅርታ ልትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር።

"ቀንዶቼን" አለች።

"ዋሽተውኛል እትዬ አንጓች" አልኳት ሰው በተሰበሰበበት። "ሌላ እጅ ነካው፤ ሁለት ጊዜ ነካው። ይኸው ዓይኔ!"

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አንጓች አላፈረችም፤ ቄቧን ከአንዱ ብብቷ ወደ ሌላው አዛወረች። "ማን ነካው?"

"የጣሊያን ሐኪምና አስተርጓሚው።"

"የጣሊያን እጅ እጅ አይደለም። አይቆጠርም" አለች። "የባንዳም አይቆጠርም።"

ሰውም "እውነት ነው፣ አይቆጠርም" አለ! እኚያ መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ቄስ እንኳ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እንዲያውም ከዚያ ቀን ጀምሮ "ምሽጉን ያስደነገጠው የአንጓች ቀንድ ነው፤ በቅሎዋን ያስመለሰላት አንጓች ናት" ተባለ። ከማንኩሳም፣ ከቡሬም፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከሚባለው ከተማም ሰው እየመጣ ታገመላት። የእኔ ግንባር ላይ የቀረው ክብ ጠባሳ ለእሷ ማስታወቂያ ሆነ።

በዓመቱ የሁለታችንም ዘመድ የሆነች ልጅ ቆላ ወርዳ ልትዳር ሆነና ሁለታችንም ተጠራን። አንጓች ጉልበቷን አሟት ነበር፤ ዳማን እንዳውሳት እኚያኑ ቄስ አማላጅ አድርጋ ላከች። በአንቱታ አክብሬ አስቀመጥኳቸው፣ ጠላ ቀዳሁላቸው፣ በቅሎዋን ግን አይሆንም አልኳቸው።

አንጓች በእግሯ ሄደች። እኔ በበቅሎዬ ሄድኩ። ቁልቁለቱ መካከል ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። በአገራችን ወግ ታላቅ ሰው መንገድ ላይ ሲገኝ ከበቅሎ ወርዶ ነው ሰላም የሚባለው። ሳልወርድ ሰላም ብያት አለፍኩ።